ልጄ የምትወድቅበት ቤት

እኔ ቶሎ ደሜ የሚፈላ ሴት ነኝ። ያኔ አሶሳ ውስጥ አብሮኝ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ከታይፕሽ ብሰሽ ትንጫጫለሽ» ይለኝ ነበር። ይበል! ያን ክረምት ባልንጫጫ ኖሮ ልጄን እኔ አላሳድጋትም ነበር።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ከነቀምት የመጣነው ባለቤቴ በሹፌርነት፣ እኔ ደግሞ በታይፒስትነት ስለተቀጠርን ነው። ቢሮ ተብሎ የተሰጠን ክፍል ጠረጴዛ እንኳ አልነበረውም፤ ታይፑን ካርቶን ላይ ደግፌ፣ እኔ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጬ ስንት ደብዳቤ መትቻለሁ። ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ከወለጋ፣ ከጎጃም፣ ከካማሺ፣ ከሆሞሻ። የመጣው ሁሉ ቤት ይፈልጋል፣ ቤት ግን የለም። እኛም ስንት ለምነን ያገኘነው፣ ግድግዳው በጭቃ የተለሰነ ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ማድቤቷ ከጀርባ ለብቻዋ የቆመች ትንሽ ጎጆ ናት። ቤቱ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። መብራት በጄነሬተር ማታ ማታ ይመጣል ይባላል፤ እኛ ሰፈር ግን ገመዱም አልደረሰ። እንዲያም ሆኖ ቤት አገኘን ብለን ጌታን አመሰገንን።

ልጃችን ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት። ሐኪም የሚዋጥ መድኃኒት ጀምሮላታል፤ ይቀንስላታል እንጂ ጨርሶ አልተዋትም። ሲመጣባት መጣሁ አይልም። እያወራች እያለች ዓይኗ ፍዝዝ ይላል፣ ከዚያ ባለችበት ድው ትላለች። ስትነቃ ደግሞ ምንም አታስታውስም፤ «ወደቅሁ እንዴ?» ብላ ነው የምትጠይቀው። ሐኪም ዘንድ በሄድኩ ቁጥር የሚነገረኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከእሳትና ከውኃ ጠብቂያት።» እሺ ብዬ እወጣና መንገድ ላይ ንድድ ይለኛል። እሳትና ውኃ የሌለበት ቤት አለ እንዴ? ጠላ ቤት እንኳ ውኃ አለው!

የተፈራው አልቀረም። የክረምቱ መግቢያ ላይ ነው፤ እኔ ቢሮ ነኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ልታነብ ትቀመጣለች። ቤቱ በጠራራ ፀሐይም ጨለማ ነውና ኩራዝ አብርታ አጠገቧ መሬት ላይ ታስቀምጣለች። እዚያው ጣላት። ኩራዙ ተገልብጦ ጠፋ፤ ናፍጣው ግን ሰሌኑ ላይ ፈሰሰ። እስከዚህ ድረስ ጌታ ጠብቋት ነበር። ቀጥሎ የደረሱት ጎረቤቶች ናቸው። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ማሽተት ነው ይባላል አይደል? አንዱ ሮጦ ገባና ክብሪቱን አፍንጫዋ ሥር ጫረ! ናፍጣ በጠጣ ሰሌን ላይ! የግድግዳ ጎረቤታችን አንዲት የበርታ ብሔረሰብ ሴት ነበረች፤ እሷ ናት ልጄን እግሯን ይዛ ጎትታ ያወጣቻት፣ እሳቱንም በአፈር ያፈነችው። የልጄ ክንድ ግን ከክርኗ በታች ተቃጠለ።

እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ያኔ በዚያ ሰፈር ወለጌው፣ ጎጃሜው፣ በርታው ስለ ምንም ነገር ተስማምቶ አያውቅም። ስለ ውኃ ወረፋ ይጣላል፣ ስለ አጥር ይጣላል። በክብሪቱ ጉዳይ ግን ሁሉም አንድ ቃል ነው! «ክብሪት ባይጫርላት ኖሮ እኮ አትነቃም ነበር» ብለው ሊያጽናኑኝ መጡ። ያን ቀን ያልሰደብኩት ሰው የለም።

ወሬው ወለጋ፣ መንዲ ድረስ ደረሰና የባለቤቴ ታላቅ እህት በጭነት መኪና ከች አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ጠንካራ፣ ጸሎተኛ፣ አንድ ነገር ካሉ የማይመለሱ ሴት ናቸው። ልጄ «አዳዳ» ብላ ሮጣ አቀፈቻቸው፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። እሳቸው የተጠቀለለውን ክንዷን አይተው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፦

«ልጅቷን ልወስዳት ነው የመጣሁት» አሉ። «እኔ ጋ እሳት አትነካም፣ ውኃ አትቀዳም። ጓዳ ቁጭ ትላለች። እጸልይላታለሁ።»

«ትምህርቷስ እትዬ?»

«ማንበቡ አይደል እንዴ ያቃጠላት?»

«እስከ መቼ ነው ጓዳ የምትቀመጠው?»

«ጌታ እስኪምራት ነዋ!»

እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህንን አስቀድሜ ልናገር። ከልባቸው ነው የሚወዷት። ግን ልጄን አየኋት። አንገቷን ደፍታ የሰሌን ጫፍ ትነጫለች። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት እኮ! ጓዳ ገብታ፣ ሰው ሲመጣ ተደብቃ፣ እንደዚያ ሆና ስታረጅ ታየኝ።

«እኔ ቆሜ? ልጄ የትም አትሄድም» አልኩ። «ቤቱን ነው የምቀይረው።»

«ሌላ ቤት ከየት ልታመጪ?»

«ይኸንኑ!»

ባለቤቴ መካከል ላይ ሆኖ አንዴ እኔን አንዴ እህቱን ያያል። እሳቸው ሻንጣቸውን አስቀመጡና «ደግ» አሉ። «ትምህርት ቤት እስኪከፈት እዚሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ያን ጊዜም ልጅቷ ብቻዋን የምትቆምበት ቤት ካልሆነ ይዣት እሄዳለሁ።» ባለቤቴም «ያኔ እኔም አልከለክል» አለ። እንዲህ ብሎ ሲፈርድብኝ ሁለቱንም አንድ ላይ ብበላቸው ደስ ባለኝ።

ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። ሐኪም ከእሳትና ከውኃ ብሎኛል፤ ከጠረጴዛ ጠብቂያት፣ ከበር ደፍ ጠብቂያት ያለኝ ሰው የለም። የሣር ፍራሻችንን ጎትቼ አወጣሁና ልጄን «ነይ፣ የት የት እንደምትወድቂ እንወቅ» አልኳት። እሷን ልጥላት አልችልም፤ ክንዷ ገና አልዳነም። ስለዚህ እኔ ወደቅሁ። እሷ መጽሐፍ ይዛ የምትቆምበት ቦታ እቆማለሁ፣ ፍራሹ ይነጠፋል፣ እወድቃለሁ፤ ጭንቅላቴ የት እንደሚያርፍ እናያለን። ከዚያ ፍራሹን ወደ ሌላ ጥግ እንጎትታለን።

ልጄ መጀመሪያ አፍራ ነበር፤ ቆይታ በሣቅ ፍርስ አለች። «እማዬ፣ አንቺማ ተጠንቅቀሽ ነው የምትወድቂው! እኔ እኮ እጄን አልዘረጋም ብለውኛል» አለች። እውነቷን ነው። ስወድቅ እጄ ሳላዘው ይቀድመኛል። በነጠላ እጄን ወደ ኋላ አሳሰርኳትና እንደገና ወደቅሁ። ወይኔ ወገቤ! እሷ ከላይ ሆና ታዝዘኛለች፤ «ወደ ግራ ነው የምሄደው፣ አባባ ነግሮኛል። አሁን ጥሩ ወደቅሽ።» እትዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ዋቃዮ! ይቺ ሴት አበደች» ይላሉ።

እጄ የፊጥኝ ታስሮ መሬት ላይ ተዘርሬ ሳለሁ አንዷ ጎረቤት ሽሮ ልትበደር ብቅ አለች። አየችኝ፣ ጮኸች፣ ወጣች። ከምሳ በፊት ሰፈሩ በሙሉ «በሽታው ወደ እናቷም ተሻገረ» ብሎ አወራ። በማግሥቱ ቢሮ ስገባ አለቃዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደኅና ነሽ? ዕረፍት ያስፈልግሽ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። «እየተለማመድኩ ነው» አልኩት። ምን እንደገባው እንጃ፣ ከዚያ በኋላ ሥራ ሲሰጠኝ ይፈራኝ ነበር።

መውደቁ ግን ሁሉን ነገር ነገረኝ። በርጩማዋ ደጁ ደፍ ላይ፣ ጭንቅላቴ የሚያርፍበት ቦታ ነበረች፤ አነሣናት። የአልጋዋን እግር በመጋዝ አሳጠርኩት። ጠረጴዛው አጠገብ ስወድቅ የጠረጴዛው ማዕዘን ጆሮዬ ሥር ነው ያለፈው። ባለቤቴ አሶሳ እንደገባን ያሠራው፣ በየቀኑ የሚወለውለው ጠረጴዛ ነው። መጋዙን አነሣሁና አራቱንም ማዕዘን ቆረጥኩት። ከመስክ ሲመለስ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ጠረጴዛዬን ገረዝሽው!» አለ።

እትዬ ከመጡ ወዲህ ገና ያን ቀን ነው የሣቁት። በጥርሳቸው ሳይሆን በሆዳቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ። ባለቤቴም እህቱ ሲሥቁ መናደዱን ረሳውና ቁርጥራጩን ሰብስቦ የተቆረጠውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልስ ጀመር።

ግድግዳውን ደግሞ ቀደድኩት። ልጄ ቀን በቀን ኩራዝ ያበራችው ለምንድነው? ቤቱ መስኮት ስለሌለው ነው። ጭቃውን አራግፌ ቀርከሃውን ቆርጬ ሁለት መስኮት አወጣሁ። አከራያችን «ቤቴን በሳሽው!» እያለ መጣ፤ ገብቶ ሲያየው ብርሃኑን ወደደውና ለራሱም ቤት አወጣ። ኩራዙ ተጣለ፤ ባለቤቴ ያመጣውን ፋኖስ ከወራጁ ላይ በሽቦ ሰቀልነው። የናፍጣው ጀሪካን ከቤት ወጥቶ ውጭ ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ለውኃ ጉድጓዳችን አፍ የበርታዋ ጎረቤቴ ባል ከቀርከሃ ጠንካራ ክዳን ሠራለት፤ አንድ ባልዲ ብቻ የምታስገባ ባለ መዝጊያ ቀዳዳ ያለው።

ያስቸገረን የመታጠቢያው ነገር ነው። ከቀርከሃ የተከለለች ቦታ ነበረች፤ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ነቀልኩት። ውስጥ ብትወድቅ በሩ እንዲከፈት ነው። ልጄ አለቀሰች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ታፍራለች። «ሰው ቢገባብኝስ?» አለች። እሷው ራሷ ሁለት ቀን አኩርፋ ከረመችና መፍትሔ ይዛ መጣች። «የማባዣ ሠንጠረዡን ጮክ ብዬ እላለሁ። ድምፄ እየተሰማ ማንም አይግባ፤ ዝም ካልኩ ግቡ» አለች። አቤት ኩራቴ! ከዚያ ወዲያ ልጄ ስትታጠብ ግቢው በሙሉ ይሰማል፤ ስትሳሳት አባቷ መኪናው ሥር ተኝቶ «ስምንት ጊዜ ሰባት ስንት ነው ያልሽው?» ብሎ ይጮሃል። ጎረቤቴ አማርኛዋ እምብዛም ነው፣ ማባዣውን ግን ከኛ ግቢ ተማረች።

ምድጃው ከሁሉም ከባድ ነበር። መሬት ላይ ያለ ጉልቻ ነው፤ የወደቀ ሰው እሳቱ መሐል ነው የሚገባ። ልጄ ደግሞ ማብሰል ትወዳለች፤ ከጎረቤቴ የተማረችውን የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ ከሠራች ማንም አይቀድማትም። አትንኪ ብላት ጓዳ ከማስቀመጥ በምን ይሻላል? ስለዚህ ምድጃውን እስከ እሷ ወገብ ከፍ ላደርገው ወሰንኩ። ከጎረቤቴ ጋር የኩይሳ አፈር ተሸከምን፤ ምስጥ የሠራው አፈር ሲደርቅ ድንጋይ ነው። የመጀመሪያው በፀሐይ ተሰነጣጠቀ። አፈረስኩት። ሁለተኛውን ሣር ከትፈን፣ አመድና የአህያ ፋንድያ ለውሰን፣ በዝናቡ መሐል ሸራ ጋርደን ሠራነው። ፊት ለፊቱ የስንዝር ከለላ አለው፤ ድስቱ እስከ አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ አለው፣ ገፍተውም አይገለበጥ። ሲያልቅ ፊቱ ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ወደቅሁ። ደረቴ ከለላውን ነካ፣ ከዚያ ወደ መሬት። ፍም አልተንቀሳቀሰም። ተነሥቼ ጭቃዬን ሳላራግፍ ልጄን አቅፌ አለቀስኩ።

የቀረው ክብሪቱ ነው። ክብሪቱን ልጄና እኔ ብቻ የምናውቀው ቦታ ደበቅን። የሰው ክብሪት ግን የሚደበቅ አይደለም። እሑድ ከጸሎት መልስ ጎረቤቱን ሁሉ ማንጎው ሥር ጠራሁ። ልጄ ሰሌኑ ላይ ተኛች፣ እኔ አስተማሪ ሆንኩ። «በጎኗ አዙሯት። ጭንቅላቷ ሥር ልብስ አድርጉ። አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ። እስክትነቃ ጠብቁ። ክብሪት የጫረ ሰው ከኔ ጋር ይተያያል!» ከዚያ በተራ አለማመድኳቸው። ሊነኳት የሚፈሩ ነበሩ፤ ይጋባል ይባላልና። ጎረቤቴ ቀድማ ተንበረከከችና አዞረቻት፤ «ያላህ፣ ልጅ ከባድ ሆነ!» ስትል ልጄ ዓይኗን ጨፍና በሣቅ ተንፈቀፈቀች። ከዚያ ሌሎቹም መጡ። እትዬ ግን አልመጡም። ጀርባቸውን ሰጥተው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር።

ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ለምሳ ወደ ቤት ስመጣ ከአጥሩ ውጭ የአረረ ነገር ሸተተኝ። ሮጥኩ። ማድቤት ስደርስ እሳቱ ምድጃው ላይ እንደነደደ ነው። ልጄ መሬት ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ጭንቅላቷ ሥር የእትዬ ሻሽ አለ። እትዬ ራሳቸውን ገላልጠው፣ ጸጉራቸው ተበትኖ፣ መሬት ተቀምጠው እጇን ይዘዋል። ገንፎው ድስቱ ውስጥ ይጨሳል።

«ስታማስል ቆይታ ማማሰያው ከእጇ ወደቀ» አሉኝ። «ከለላውን ገፋችው፣ ከዚያ ወረደች። አንድ ፍም አልወረደባትም። አንድ! ክብሪት ፈለግሁ። አጣሁ። ረገምኩሽ፣ ልንገርሽ፣ ስምሽን ጠርቼ ረገምኩሽ። ከዚያ ያን ማንጎው ሥር ስትጮሂ የነበረውን አደረግሁ።»

«ሰምተው ነበር እንዴ?»

«መንዲ ያለ ሰው ይሰማሽ ነበር እኮ!»

ልጄ ዓይኗን ገለጠች። እንደ ሁልጊዜዋ ትንሽ ደነዘዘች፣ አየችን፣ ከዚያ አሸተተች። «ገንፎዬ አረረ!» አለች። ወደቅሁ እንዴ አላለችም። ጥቂት አርፋ ተነሣችና ድስቱን ፈግፍጋ እንደገና ልትጥድ ፈለገች። እኔ ልከለክላት አፌን ስከፍት እትዬ ክንዴን ያዙኝ። «ተያት» አሉ። «ቦታው የሷ ነው።» ከበር ቆመን አየናት። በሕይወቴ ብዙ የኮራሁበት ነገር አለ፤ ቢሮው ባለ ጠረጴዛ ሲሆን አይቻለሁ፣ ልጄ ዲፕሎማ ስትቀበል አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም።

እትዬ ከዚያ በኋላ ስለ መውሰድ አንድ ቃል አላነሡም፤ እኔም አልጠየቅኩ፤ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት በተከፈተ ማግሥት ባለቤቴ ወደ መንዲ የሚሄድ መኪና አገኘላቸው። ጠዋት የልጄም ሻንጣ ተዘጋጅቶ እንደሆን ለማየት ዞርኩ፤ የእሳቸው ሻንጣ ብቻ በሩ ሥር ቆማለች። እሳቸው ግን የሉም። ማድቤት አገኘኋቸው፤ ምድጃው ሥር ተንበርክከው ሲባጎ ከመሬት እስከ ከለላው ጫፍ ወጥረው ይለካሉ።

«እትዬ፣ መኪናው ደርሷል። ምን እያደረጉ ነው?»

«መንዲ ያለውን ምድጃዬን ላፈርሰው ነው» አሉ፣ ዞር ሳይሉ ሲባጎውን እየቋጠሩ። «ለገና ስትመጣ የት ልታበስል ነው ታዲያ?»